የቀትር ጣውላ

ግንቦት 8

ባለቤቴ ተሻለች ራት ላይ እጇን አነሳችና «በቃኝ» አለች። «ስለዚያች ልጅ አንድ ቃል ብትጨምር ወጡን ይዤ ጎረቤት እሄዳለሁ። ካልተነፈስክ የምትፈነዳ ከሆነ ጻፈው።» ይኸው ጻፍኩ። ሚስት የሰለቻትን ደብተር ይቻለው።

ልጅቷ ኒምኮ ትባላለች። ዛሬ ነው ሳይታችን የመጣችው። ሳቢያን ሰፈር የምንሠራው ሕንፃ ስድስተኛ ፎቁ ላይ ደርሷል፤ ከመሠረቱ ቁፋሮ ጀምሮ የደኅንነት ተቆጣጣሪው፣ ሴፍቲው፣ እኔ ነኝ። በነዚህ ዓመታት አንዱ ጣቱን በመዶሻ ቀጥቅጧል፣ አንዱ ምስማር ረግጧል። ሌላ የለም። ከፎቅ የወደቀ ሰው የለም። ይህን የሚያህል ነገር አንድም ቀን በስብሰባ ተነሥቶ አያውቅም።

ጠዋት ኢንጂነር ሰይፈ ሚካኤል ቢሮው አስጠራኝ። የሳይቱ ኃላፊ ነው፤ አምና ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ የማይቆሽሽ ልጅ። «አቶ ወልደጻድቅ፣ እርስዎ ደክመዋል» አለኝ። «አሠሪው በዲግሪ የተማረ ሴፍቲ ይኑር ብሏል። ከዛሬ ጀምሮ ኒምኮ ዋና ትሆናለች፣ እርስዎ ረዳት። ጠዋት ስቶሩንና ዕቃውን ይይዛሉ፤ ከሰዓት በኋላና ላይኛውን ፎቅ እሷ ትይዘዋለች።»

ደክሜያለሁ ያልኩት ለማን ነው? ድሬ ተወልጄ ድሬ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ሰው «እርስዎ» ሲለኝ ራሱ ጡረታ የወጣሁ ይመስለኛል።

ግንቦት 11

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሠራተኛውን ሰብስቤ ስለ ጥንቃቄ እናገራለሁ። እናገር ነበር ልበል። ዛሬ እሷ ተናገረች።

«ዋሪያ!» ብላ ጀመረች። በሶማልኛ ቀለደች፣ በኦሮምኛ ደገመችው፣ በአማርኛ ጨረሰችው። «ጭንቅላታችሁ የሚስታችሁ ነው፤ ሳታስፈቅዱ አትስበሩት» አለቻቸው። ሁሉም ሄልሜቱን አደረገ። ሁሉም! በሺር ለሳኙ ሳቁ አላስቆም ብሎት ግድግዳ ተደገፈ። በሺር ማለት ቀበቶ አስተሳሰር በእጄ ያስተማርኩት ሰው ነው። በኔ ወሬ ስቆ አያውቅም።

እኔም ሶማልኛ እችላለሁ። ኦሮምኛም እችላለሁ። ብቻ በሥራ ሰዓት ቀልድ አላውቅም። «ሄልሜት!» እያልኩ ስጮህ ጉሮሮዬ ተልጦ ቀረ፣ እሷ በአንድ ጠዋት።

ግንቦት 13

ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ መጀመሪያ የቀዳችው ለኒምኮ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ ለኔ ነበር። ይህን ልብ ያለ ሰው የለም። እኔ ልብ ብያለሁ።

ግንቦት 19

ርክክቡን ዛሬ ጨረስን። የስቶሩን ሁለተኛ ቁልፍ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑን፣ ቀበቶዎቹን፣ ገመዶቹን ሁሉ አስረከብኳት። የየትኛው ቀበቶ ስፌት እንደሳሳ ነገርኳት። የትኛው ግንበኛ ከፍታ ላይ እንደሚያዞረውና ደብቆ እንደሚሠራ ሳይቀር ነገርኳት። ማንም ሰው ይህን ያህል አያስረክብም።

አንድ ነገር ብቻ ሳልነግራት ቀረሁ። ትንሽ ነገር ናት።

ድሬ ላይ ቀትር ሲሆን ጤነኛ ሰው ፀሐይ ላይ አይቆምም። የኛም ሠራተኛ ምሳውን በልቶ፣ ጫቱን ይዞ፣ ምድር ቤቱ ጥላ ውስጥ ጋደም ይላል። የሲሚንቶው ወለል ምጣድ ነው፤ ሰው የሚያስተኛው ጣውላ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲለስኑ የሚቆሙባቸውን ጣውላዎች ከባህር ዛፉ መወጣጫ ላይ ነቅለው ያወርዱና ይተኙባቸዋል። ዕረፍቱ ሲያልቅ መልሰው ያነጥፏቸዋል። ከበርጫ የተነሳ ሰው ደግሞ ይታወቃል፤ አንዱ ምስማር መምታት ይረሳል፣ አንዱ የጣውላውን ጫፍ እንጨቱ ላይ በጣት ስፋት ብቻ አሳርፎ ይሄዳል። ጮህኩ፣ ቀጣሁ፣ ለመንኩ። ወይ ፍንክች። ስለዚህ እነሱ ፊታቸውን ታጥበው ሻይ ሲሉ እኔ ብቻዬን እወጣና ጣውላውን ሁሉ በተረከዜ እየመታሁ አልፋለሁ። በደንብ የተቀመጠ ጣውላ ድምፁ ድፍን ነው። ጫፉ ያጠረ ጣውላ ይንቀጫቀጫል። አባቴ ምድር ባቡር ሲሠራ የፉርጎ ጎማ በመዶሻ እየመታ ስንጥቁን በጆሮው ይለይ ነበር፤ የወረስኩት ከሱ ነው። ያጠረውን አስተካክላለሁ፣ ምስማር የጎደለውን እመታለሁ፣ እወርዳለሁ። ማንም አያውቅም። ማንም አመስግኖኝ አያውቅም።

ኒምኮ ቁልፉን ኪሷ ከትታ «ጋሽ ወልዴ፣ ሌላ የቀረ ነገር አለ?» አለችኝ።

ይቺ ጥያቄ አይደለችም። ሰው ሲለያይ የሚላት ነገር ናት። «የለም» አልኳት።

ግንቦት 30

ትናንት አረፋ ነበር። በሺር ዛሬ ጠዋት ለኒምኮ የበግ ሥጋ በትልቅ ሳህን ተሸፍኖ አመጣላት። ለኔ በወረቀት የተጠቀለለ ሐልዋ። «ሥጋው አይሆንህም ብዬ ነው ጋሽ ወልዴ፤ ሑዳ በእጇ የሠራችው ነው» አለኝ። ሑዳ ሚስቱ ናት። ተቀበልኩ። ግን ሳህንና ወረቀት አንድ ነው?

ተሻለች ሐልዋውን እየበላች ሳቀችብኝ። «ሰውየው አንተ የምትበላውን አስቦ ነው ያመጣልህ። ምን ቅር አለህ?» አፏ በሐልዋ ተሞልቶ ታዲያ ምን ትበል።

ሰኔ 4

ኒምኮ አዲስ ደንብ አወጣች። ማንም ከመውጣቱ በፊት ቀበቶውን ጓደኛው ይፈትሽለታል። ጥሩ ደንብ ነው። እኔም አስቤው ነበር፤ ጊዜ ስላላገኘሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ መውጣቴን አልተውኩም። የሷ ነው ተብሏል፣ እግሬ ግን ለምዷል። እሷ በዚያ ሰዓት ቢሮ ገብታ የጠዋቱን ትጽፋለች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጫፋቸው ያጠረ ጣውላዎች አግኝቼ አስተካከልኩ። ይኼኔ አንዱ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ዲግሪዋን ምን ይውጠው ነበር?

ቢሆን ኖሮ ነው ያልኩት።

ሰኔ 10

ተናድጃለሁ፤ ጽሑፌ ካልተነበበ በዚህ ነው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ኢንጂነሩ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢ አሰልፎ ኒምኮን ከጎኑ አቁሞ «ኒምኮ ከመጣች ወዲህ በዚህ ሳይት አንድም አደጋ አልደረሰም» አላቸው። ከመጣች ወዲህ! ከመምጣቷ በፊትስ? ከመምጣቷ በፊት ሬሳ እየለቀምን ነበር? አጨበጨቡላት። ጀርባው ላይ «የደኅንነት አርአያ» የሚል የተጻፈበት ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሷት።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። የማልችለው ቀጥሎ የመጣውን ነው። እሷ እጇን አነሳችና «ይሄ የጋሽ ወልዴ ሥራ ነው፤ እኔ የተዘጋጀ ሳይት ነው ያገኘሁት» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ትንሽ ተጨበጨበ፣ ዝናብ ሊያባራ ሲል እንደሚንጠባጠበው። ምስጋናዬን ወስዳ ምፅዋት ሰጠችኝ ማለት ነው። ዝም ብትል ይሻለኝ ነበር።

በየቀኑ ከሰዓት ያንን ሁሉ ጣውላ የሚፈትሸው የማን ተረከዝ ነው? ሽልማቷን የተሸከመው ማን ነው? ወርቅ ላበደረ ጠጠር። ሰው ዋጋው የሚታወቀው ሲጎድል ነው።

ተሻለች «ምቀኛ አታሳጣኝ ማለት ነው እንግዲህ፤ ልጅቷ ታድላ» አለች። ቀልድ መሆኑ ነው።

ሰኔ 11

ጉልበቴን ስላመመኝ ከሰዓት በኋላ አልወጣሁም። ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ። ከሥራ በኋላ በዚያው መጋላ ገበያ ሄጄ ሽንኩርትና ሎሚ ገዝቼ መጣሁ። ነፋሻ ስለነበር ባጃጅ አልያዝኩም፤ በእግሬ ደርሼ በእግሬ ተመለስኩ።

ሳይት ላይ ምንም አልሆነም። ሁሉም ወጣ፣ ለሰነ፣ ወረደ። የዚህች ልጅ ዕድል ይገርማል።

ሰኔ 12

በሺር ወደቀ።

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከመወጣጫው ላይ። ሕይወቱ አለች። አሁን ከሆስፒታል መምጣቴ ነው። የቀረውን በኋላ።

ሰኔ 12፣ ማታ

ተሻለች ሚካኤልን ተሳልማ መጥታ ተኝታለች። እኔ እንቅልፍ የለኝም።

እንዲህ ነው የሆነው። ዕረፍቱ አልቆ ጣውላዎቹ ተመልሰዋል፤ ሰዉ ሻይ ይጠጣል። ኒምኮ በሩ ጋ ለአዲስ ገቢዎች ቀበቶ ታስታጥቃለች። እኔ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሄልሜቴን አድርጌ ቆሜያለሁ። ጉልበቴ ዛሬም ስላልተሻለኝ ነው። በሺር ባልዲውን አንጠልጥሎ ሲያልፍ እጁን አነሳልኝ፤ እኔም አነሳሁለት። ወጣ። ቀበቶውን ታጥቋል፣ መንጠቆውን ግን ገና አልሰካም። ጣውላውን ረገጠ፤ ጣውላው አብሮት ወረደ። ግማሹ ሰውነቱ አሸዋ ላይ፣ ግማሹ ብሎኬት ላይ።

ኒምኮ ከሁላችን ቀድማ ደረሰች። አንገቱን በሁለት እጇ ይዛ «ማንም እንዳያነሳው! እግሩን አትንኩ! ፒክአፑን አስነሱ!» ትላለች። ቃሬዛውን አስመጣች፣ በሶማልኛ ጆሮው ላይ እያወራች አሳፈረችው። አንድም አልተሳሳተችም። እሱ መሬት ላይ ሆኖ እያቃሰተ እኔ ሥራዋን እየገመገምኩ ነበር፤ «ይህንንም ትችላለች» አልኩ በልቤ። እኔም አብሬ ተሳፈርኩ፤ ደቻቱ ድልድይ ላይ ባጃጅ ዘግቶን መኪናው ሲቆም ነው እጄን ያየሁት፤ የሻዩን ብርጭቆ እንደያዝኩ ነኝ።

ሑዳ ሆስፒታል በር ላይ ጫማ ሳታደርግ መጣች። በእጄ ወደ ውስጥ አመለከትኳት።

አንድ ነገር ልጻፍ፣ ከጻፍኩ አይቀር። ከመውደቁ በፊት ቀና ስል አንዲት ጣውላ ጫፏ ያጠረች መስላ ታይታኝ ነበር። መስላ ነው ያልኩት። ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ነበር። ኒምኮም ያን ያህል ሩቅ አልነበረችም፤ እሷም ዓይን አላት።

ሰኔ 13

ኢንጂነሩ ኒምኮን ከሥራ አገዳት፤ ምርመራው እስኪያልቅ ቤቷ ትቆያለች። ምርመራውን ማን ይመራል? እኔ። «የዚህን አደጋ ምክንያት ፈልገው የሚያገኙልኝ እርስዎ ነዎት፤ ልምዱ ያለዎት እርስዎ ነዎት» አለኝ።

በመጨረሻ ልምድ እንዳለኝ ታወቀ። በሆዴ አንድ ደስ የሚል ነገር ሽው አለ። ወዲያው አባረርኩት። በሺር ወገቡ ተሰብሮ እግሮቹ አይሰሙትም እያሉ ደስ የሚለው ሰው አይደለሁም።

ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ዛሬ መጀመሪያ ለኔ ቀዳች።

ሰኔ 16

ምክንያት ፍለጋ ማለት ጉድጓድ ቁፋሮ ነው። «ለምን» እያሉ አለት እስኪመታ መቆፈር። እኔ ራሴ ለፎርማኖች ያስተማርኩት ነው።

በሺር ለምን ወደቀ? ጣውላው ስለተነሳ። ለምን ተነሳ? ጫፉ እንጨቱ ላይ በቅጡ አልተቀመጠም፣ ምስማርም የለውም። ለምን? የመለሰው ሰው ስለቸኮለ። ለምን ተነቀለ መጀመሪያ? ሊተኙበት። ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ለምን ማንም አላየውም?

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቀለሙ አለቀ። ለዛሬ ይበቃል። «ከሰዓት በኋላ ያለው ቁጥጥር የወይዘሪት ኒምኮ ኃላፊነት ነበር» ብሎ መዝጋት ይቻላል። ሐሰት የለበትም።

ሰኔ 19

ሠራተኞቹ አዋጥተው ፍየል ገዝተው ሳይቱ ውስጥ አረዱ። ደም ካልፈሰሰ ሳይቱ ሌላ ሰው ይጠይቃል ይላሉ። ሼህም ጠርተው ዱዓ አስደረጉ። ኢንጂነሩ ሊከለክል ፈልጎ ነበር፤ እኔ ነኝ «ተው» ያልኩት። ሰው የሚጽናናበት ነገር ይፈልጋል።

ናሲር፣ መወጣጫውን የሚያቆመው ሽማግሌ፣ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ነበር። «ዓይን ነው የበላን» አለኝ። «ያቺን ልጅ ሰው ሁሉ ሲያሞግሳት፣ ቀይ ሰደርያ ሲያለብሳት፣ አንዱ በክፉ ዓይን አየ። ዓይኑ ሊያርፍባት ሄዶ ስቶ በሺር ላይ አረፈ።»

«ብርቱካናማ ነው ሰደርያው» አልኩት።

«አቦ ተወኛ! ሐሳድ ምቀኛ ቀለም ይመርጣል እንዴ?»

ስንት ዓመት ስለ አደጋ ምክንያት አስተምሬ ውጤቱ ይኸው ነው። ዓይን ሰው አይጥልም፤ ጣውላ ነው የሚጥለው። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው «ያ አላህ፣ ከመካከላችን ካለው ምቀኛ ጠብቀን» አሉ። ሰዉ ሁሉ «አሚን» አለ። ዝም ብል ሰው ምን ይለኛል ብዬ እኔም አልኩ።

ሥጋው ስለማይሆነኝ ናሲር ቴምር አመጣልኝ። ዘር ዘሩን ኪሴ ውስጥ አገኘሁት አሁን።

ሰኔ 21

ኒምኮ ቤት መጣች። ከስታለች። ተሻለች አስገብታ አስቀመጠቻት፣ ምግብ ካልበላሽ ብላ ያዘቻት። እኔ ምርመራ ላይ ነኝና ብዙ ማውራት አይገባኝም፤ ግን ቤቴ የመጣ እንግዳ አላባርር።

«ጋሽ ወልዴ፣ እኔ ሌሊት ሌሊት የማስበው አንድ ነገር ነው» አለች። «ባንተ ጊዜ ይሄን ሁሉ ዓመት በዚያው ጣውላ ሲተኙ፣ በዚያው ሲወጡ ማንም አልወደቀም። እኔ ገና ከመምጣቴ ወደቀ። አንተ የምታደርገው፣ እኔ ያላደረግኩት ምን ነበር?»

ተሻለች ከጓዳ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ዕድል ነው» አልኳት።

እንጀራውን ቆረሰችና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ሌላ ነገር አነሳች። «ወላሂ ሞኝ ነኝ። ለሁሉም አንዳንድ ሰሌን ብንገዛላቸው ጣውላውን ባልነቀሉት ነበር።»

ሰሌን። በየሱቁ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ሰሌን። ከሥራ ታግዳ፣ ቤቷ ተቀምጣ እያለቀሰች፣ እኔ በተረከዜ ስቀጠቅጥ የኖርኩትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ሐዘኔታ አልነበረም፤ ቅናት ነበር፣ ያውም እንደ ቃር የሚያቃጥል። «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለኢንጂነሩ አቀርበዋለሁ» አልኳት።

በማን ስም እንደማቀርበው አልነገርኳትም።

ሰኔ 26

ሰሌኖቹ ተገዙ። ኢንጂነሩ «ይህን የመሰለ ነገር የሚታየው ለልምድ ነው» አለኝ። አላረምኩትም። ወሬው ቸኩሎ አለፈ።

ዛሬ ወደ ላይ ወጥቼ ጣውላዎቹን መታሁ። ሁሉም ድፍን ነው። ከታች ወሬው ሁሉ ጸጥ ሲል ሰማሁ። ለምን ጸጥ እንዳሉ አላወቅኩም።

ሰኔ 28

ተሻለች ልብስ እያጠፈች፣ ሳታየኝ፣ «የትኛውን ጉልበትህን ነበር ያመመህ?» አለች።

«ግራውን።»

«እኔ እኮ የጠየቅኩህ ያን ዕለት መጋላ በእግርህ ደርሰህ ስለመጣህ ነው።»

ሸሚዙን አጥፋ አስቀመጠች፣ ሌላ አነሳች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 2

የኒምኮ የስንብት ደብዳቤ ተዘጋጀ። ኢንጂነሩ ከመፈረሙ በፊት የኔን ሪፖርት ጠየቀኝ። «የቁጥጥር ጉድለት የሚለው ይበቃል» አለ። «ሌላ የሚጨምሩት አለ?»

ይህችም ሰው ሲለያይ የሚላት ነገር ናት ልል ነበር። ግን ጠረጴዛው ላይ የሷን ስም በትልቁ ተጽፎ አየሁት፤ ከዚህ በኋላ የትም ሳይት የሚቀጥራት የለም።

«አለ» አልኩ። «ከዕረፍት በኋላ ጣውላዎቹን እኔ ነበርኩ የምፈትሻቸው። ሥራውን ሳስረክባት ይህን መንገር ረሳሁ። ልጅቷ የማታውቀውን አልሠራሽም አትባልም። ሰሌኑም የሷ ሐሳብ ነው።»

ኢንጂነሩ መነጽሩን አወለቀ። ደብዳቤውን ቀደደው። ከዚያ የሆነውን ማን ያምናል? ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። «እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው አላየሁም» አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ወሬው ሳይቱን ሞልቶታል። ናሲር «ወልዴ ወንድ ነው!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ኒምኮ መጣች፤ ዓይኗ ሞልቶ «አንተ ባትናገር ማን ያውቅ ነበር? አላህ ይስጥህ ጋሽ ወልዴ» አለችኝ።

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ምስጋና ዛሬ ነው የመጣው። ይጣፍጣል፤ አልዋሽም። «ረሳሁ» ቀላል ቃል ናት። አፍ ውስጥ አትከብድም።

ሐምሌ 5

ዛሬ በሺርን ልጠይቅ ሄድኩ። ሑዳ ከአልጋው አጠገብ ሆና በብርጭቆ የሎሚ ውሃ ታጠጣዋለች። ሐኪሞቹ ቀኝ እግሩ ይመለሳል ብለዋል፤ ስለ ግራው ምንም አይሉም። በሺር ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«አብሽር ጋሽ ወልዴ፣ ተቀመጥ» አለኝ። እሱ ተኝቶ እኔን ያጽናናኛል። ተቀመጥኩ።

«ኒምኮ ነገረችኝ። ረሳሁ አልክ አሉ።»

«አዎ።»

ጣራውን እያየ ቀጠለ። «ሻይ ስንጠጣ እኮ እግርህን ከላይ እንሰማ ነበር። ዱም፣ ዱም ስትል። ናሲር ‹ወልዴ ሳይጨርስ ማንም እንዳይወጣ› ይለናል። አዲስ ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ የምንነግረው እሷን ነው። አንተ ፊት ማን ያነሳዋል፣ ትቆጣለህ ብለን ነው። ምስማሩንም የምንተወው ለዚያ ነበር። ወልዴ አለ ብለን።»

እኔ ማንም አያውቅም ብዬ ነበር።

«ከዚያ አንድ ቀን እግርህ ዝም አለ» አለ በሺር። «ያን ቀን ፈርቼ፣ እንጨቱን ይዤ፣ እየሞከርኩ ነው የረገጥኩት። በማግስቱም ድምፅ አልሰማሁም። ግን አንተን ኒሙ ሥር አየሁህ፣ ሄልሜትህን አድርገሃል። እኔ ሳልሰማ ወጥቶ ወርዷል አልኩ። እጄን አነሳሁልህ፣ አነሳህልኝ። ጨርሷል ማለት ነው ብዬ ወጣሁ።»

ሑዳ የሎሚ ውሃውን ልትሰጠው እጇን ዘረጋች፤ አልተቀበላትም። ወደኔ ዞረ። ሲዞር እንዴት እንደሚያመው ፊቱ ላይ አየሁ።

«ጋሽ ወልዴ፣ አንተ የምትረሳ ሰው አይደለህም። የቀበቶዬ ስፌት መሳሳቱን ከኔ በፊት የምታስታውስ ሰው ነህ።»

ረሳሁ ልለው አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቀላል ቃል ኢንጂነሩን አሳምኛለሁ፣ ሳይቱን ሁሉ አሳምኛለሁ። አልወጣ አለችኝ።

«ቀንቼ ነው» አልኩት።

«በኔ?»

«በኒምኮ።»

ሑዳን አየና መልሶ እኔን አየኝ። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች በሽተኞች ነበሩ፣ ጠያቂዎቻቸው ያወራሉ።

«ታዲያ እኔ ምን አደረግኩህ?» አለኝ።

አልጮኸም። አልተቆጣም። መልሱን ፈልጎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የጠየቀኝ። ሑዳም ብርጭቆውን እንደያዘች ጠበቀች። የጥየቃ ሰዓት አልቋል እስኪሉን ድረስ ተቀምጬ ነበር።